የፈጣኑ ኢስሐቅ መዘግየት

ደሴ ውስጥ የጋሽ ኢስሐቅን ያህል ፈጣን መካኒክ አልነበረም። ኮፈን ሳይከፍት፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ብቻ ችግሩን ይናገር ነበር። ጎረቤቱ ስለነበርኩ አውቃለሁ። በ1971 ዓ.ም. ግን ሞኝ መስሎ መታየት ግድ ሆነበት።

ከአንድ ነጋዴ ተወርሳ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት የተሰጠች አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበረች። ቁልፉ ሲዞር እሺ ብላ ትነሳለች፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ትጠፋለች። ትልቅ እንግዳ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እንድታመጣ በተጠበቀችበት ቀንም ይህንኑ አደረገች። እንግዳው የሐረጎን ዳገት በሽንኩርት መኪና ወጥተው ደሴ ገቡ። ሹፌሩ ኑርሁሴን፣ የአምስት ልጆች አባት፣ «አሻጥር ሠርቷል» ተብሎ ታሰረ። ብልሽቱ የእርጅና ከሆነ ይፈታል፤ የሰው እጅ ካለበት ግን አለቀለት። ይህን እንዲያጣራ ጋሽ ኢስሐቅ ተጠራ።

መኪናዋ አንዴ ተነስታ ስትጠፋ ነገሩ ገባው። ሞተሩ ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ለካንዴላዎቹ እሳት ወደሚሰጠው ቦቢና በቀጥታ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ጣት በምታህል፣ ውስጧ ሽቦ ባለባት ነጭ ሸክላ በኩል ያልፋል። የተቃጠለችው እሷ ናት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። ባለፈው ዓመት ጓደኛው ዓብዱ የወፍጮ ሞተር ብልሽት ገና እንደደረሰ በማወቁ፣ «ራስህ ካላበላሸኸው እንዴት አወቅህ?» ተብሎ አራት ወር ታስሮ ነበር።

ስለዚህ ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ጠረገ፣ መልሶ ገጠመ። ካርቡራቶሩን አጠበ። «አላህ ይወቀው» እያለ ራሱን አከከ። እኩለ ቀን ሲሆን፣ ቆሞ ሥራውን ይከታተል የነበረው ካድሬ፣ ጓድ በላቸው፣ ትዕግሥቱ አለቀ። ያኔ ጋሽ ኢስሐቅ ቦቢናው ላይ ትንሽ አምፖል አሰረ።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ጌታዬ... ይቅርታ፣ ጓድ። እስቲ ይችን አምፖል ይዩልኝ፤ የኔ ዓይን ደክሟል።»

ቁልፉ ሲዞር አምፖሉ በራ፤ ሲለቀቅ ጠፋ።

«መንገዱ ተቋርጧላ!» አለ ጓድ በላቸው።

«የትኛው መንገድ ይሆን?»

ጓድ በላቸው ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ሄዶ የተሰነጠቀችው ሸክላ ላይ ደረሰ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! በእርጅና ተቃጥላለች!»

«ሱብሃነላህ! ሠላሳ ዓመት ስሠራ አላየኋትም» አለ ጋሽ ኢስሐቅ።

በሸክላዋ ምትክ ከጽሕፈት ቤቱ የሻይ ምድጃ የተቆረጠ ሽቦ ተገጠመ፤ መኪናዋም ተነስታ አልጠፋችም። ኑርሁሴን በዚያው ቀን ተፈታ። በማግስቱ በተጠራ ስብሰባ ጓድ በላቸው ተመሰገነ፤ ጋሽ ኢስሐቅ በ«ኋላ ቀር አሠራር» ተተቸ፣ ሐሙስ ሐሙስም የመኪና ኤሌክትሪክ ትምህርት እንዲከታተል ተወሰነበት። አስተማሪው ጓድ በላቸው ነው። ጋሽ ኢስሐቅ ሦስት ወር ደብተር ይዞ ተመላለሰ። «ምንም አልመሰለኝም» ይላል፤ ውሸቱን ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ምሳ አይበላም ነበር።

ኑርሁሴን በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት በግ እየጎተተ ወደ ጓድ በላቸው ቤት ሲሄድ በጋራዡ በኩል አለፈ።

«ጋሽ ኢስሐቅ፣ ግማሽ ቀን ካንዴላ ሲጠርጉ ዋሉ አሉኝ። ወላሂ ጓድ በላቸው ባይኖሩ ልጆቼ ያለ አባት የቲም ሆነው ቀርተው ነበር። ምነው ሙያዎትን ቢያሻሽሉ?»

ጋሽ ኢስሐቅ በጉን አየ፤ ኑርሁሴንን አየ።

«አብሽር ልጄ፣ እየተማርኩ ነው» አለው።