ቤት ሊያዩ የመጡ እንግዶች

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሐያት ቤት ልታሳየኝ ኢስት ዮርክ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደችኝ። እሷና ባሏ ቤት ፍለጋ ከጀመሩ ወዲህ የቅዳሜ ከሰዓቴ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ስንት ቤት እንዳየን እንጃ፤ የአንዱን ኩሽና ከሌላው መታጠቢያ ቤት ጋር እያምታታሁ ስጠይቃት ትስቅብኛለች። የዚያን ቀን ዝናብ ያካፋ ነበር። መኪናዋን ጥግ አስይዛ ቀበቶዋን እየፈታች፣ "ማሚ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ቴናንት አለ። ግን ዶንት ዎሪ፣ ከመግባታችን በፊት ይወጣሉ ብሎናል ኤጀንቱ" አለችኝ።

ምድር ቤቱ ተከራይ አለበት ማለቷ ነው። የመኪናውን በር ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። "እናንተ እዩት፤ እኔ የምደውልለት ሰው አለ" አልኳት። የምደውልለት ሰው አልነበረም። እሷ ቀድሞን ወደደረሰው ባሏ ሄደች። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ፣ በዝናቡ መሃል የቤቱን ጠባብ የጎን በር እያየሁ ቁጭ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የራሴ ቤት እያለኝ፣ ከመኪናው መውረድ ፈራሁ።

እኛም እንዲህ ባለ የጎን በር ስንገባና ስንወጣ ኖረናል። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ የተቃረብኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴ፣ እናቴና እኔ ከዳንፎርዝ ጎዳና ወደ ሰሜን ገባ ብሎ በሚገኝ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ የአንዲት ግሪካዊት አሮጊት ምድር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሴትዮዋ ኤሌኒ ይባላሉ። እናቴ ሰዓዳ፣ የደሴዋ ሴት፣ ስማቸውን የሰማች ዕለት "እንግዲያው የእኛው ሰው ናቸው" ብላ ደመደመች፤ ከዚያ በኋላ "እትዬ እሌኒ" ከማለት የመለሳት የለም። አንዳቸው የሌላኛቸውን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። ሆኖም ክረምትና በጋ አጥር ሥር ቆመው ሲያወጉ ለተመለከታቸው ሰው አብሮ አደግ ይመስሉ ነበር።

ቤቱ ዝቅ ያለ ነው። አባቴ ከማሞቂያው ቱቦ ሥር ሲያልፍ ሁሌም አንገቱን ሰበር ያደርጋል። መስኮቶቹ ከሣሩ እኩል ስለነበሩ ከመንገደኛው የምናየው ጫማውን ብቻ ነው። ሆኖም ቁልፉ የእኛ ነበር። ከዚያ በፊት ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር፣ የአባቴ ጓደኛ ከድር ሳሎን ውስጥ፣ ፍራሽ እየዘረጋንና እያጠፍን ነበር የኖርነው። ከድር ደግ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብን አያውቅም። ግን በሰው ሳሎን የሚተኛ ሰው ሲያስለው እንኳ ትራሱን አፉ ላይ ይጭናል። ወደዚያ ከመመለስ የበለጠ የምፈራው ነገር አልነበረም።

በመከር ወራት፣ የሜፕል ዛፉ ቅጠል ግቢውን ሲሞላው፣ የእትዬ እሌኒ ልጅ መጥታ እናቷን ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደቻቸው። በሳምንቱ "የሚሸጥ" የሚለው ሰሌዳ ሣሩ ላይ ተተከለ። የመዶሻው ምት በግድግዳችን በኩል ሲመጣ ውስጥ ቆሜ እሰማው ነበር። ወዲያው ቤቱን የምታሻሽጠው ኤጀንት ወደ እኛ ወረደች። ደርባባ፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ ሴት ናት። ገዢዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጡ፣ ቤቱ ንጹሕ መሆን እንዳለበት፣ በዚያን ቀን ምግብ ባይሠራ ደስ እንደሚላት ነገረችን፤ ሽታው ገዢ ያሸሻል አለች። የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩና ለእናቴ ነገርኳት።

"ሰው እየመጣ ድስት አትጣዱ አለች?"

"አዎ፣ እማ።"

"ተሳስታ ይሆናል" አለች እናቴ።

አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ "ዝም በሉ" የምትል ቃል አመጣ። ምድር ቤቱ ለመኖሪያ የተፈቀደ ስላልነበር፣ አቤት ብንል ጭራሽ ቶሎ የሚያስወጡን ይመስለው ነበር። ከድር ደግሞ ጁምዓ ሰግዶ ሲመጣ መፍትሔ ይዞ መጣ። "ሰዓዳ፣ እህቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሊመጡ ሲሉ ደረቅ በርበሬ እሳት ላይ ጣል አድርጊ። ልብሱንም እዚህም እዚያም አንጠልጥዪው። እያስነጠሱ ይሮጣሉ፤ ማንም ኦፈር አያደርግም፣ ዋጋ የሚሰጥ አይኖርም!" አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የእናቴን ቀሚስ ይዤ እንድታደርገው ለመንኳት።

"ቤቴ የሚመጣ ሰው በበርበሬ ላጥን? አላህ ምን ይለኛል?" ብላ እጄን አላቀቀች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዳ ተነሣች። ምስር ቀቅላ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋ፣ ሳምቡሳ ጠቀለለች። ዘይቱ ሲንጫጫ፣ ሻዩ በቀረፋና በሄል ሲፈላ፣ ጓዳው ሁሉ ዒድ ዒድ ሸተተ። ለበዓል የምታወጣውን የጠረጴዛ ልብስ ዘረጋች። ወለሉን ፊት እስኪያሳይ ወለወለችው። እኔ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ጎን ተደግፌ፣ ቤታችንን ባሳመረችው ቁጥር ይበልጥ እየተሸጠብን እንደሆነ እያሰብኩ በንዴት ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ከዚያ ኮቴው መጣ። እስከ ዛሬ በሕልሜ የምሰማው እሱን ነው። ፎቅ ባለ ቤት ሥር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከራስህ በላይ የማታውቀው ሰው ሲራመድ ሳሎን ይሁን ኩሽና ትለያለህ። መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። ይሳሳቃሉ። ከዚያ ወደ ደረጃው በር ይመጣሉ፤ እጀታው ይዞራል። አባቴ የሌሊት ሥራ አድሮ ተኝቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት የመኝታ ክፍሉን በር ሲከፍቱበት ብድግ ብሎ፣ ፀጉሩ እንደቆመ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ይዞ "ዌልካም" አላቸው።

እናቴ ሳህኑን ይዛ ትጠብቃለች። "ብሉ፣ ብሉ" ትላለች በአማርኛ። እነሱ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው "ኖ ቴንክ ዩ" ብለው ያልፏታል። አንዱ ሰውዬ ሳህኑንም እሷንም ዞሮ አልፎ፣ የማሞቂያውን ሞተር በእጅ ባትሪ አየና እኛን ሳያይ ወጣ። እናቴ በገቡና በወጡ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጥ ነበር። "ምነው አይቀምሱም? ቀማሽ ጠፋ እኮ። ክፉ ባያስቡ ኖሮ ይቀምሱ ነበር" አለችኝ ቀስ ብላ። ያን ጊዜ እሷም እንደፈራች ገባኝ። እናቴ ፈርታ አይቼ ስለማላውቅ የባሰ ፈራሁ።

አመሻሹ ላይ፣ ሁሉም ሄዱ ስንል፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ወረደ። ፖርቱጋላዊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲገነባ የኖረ፣ ትከሻው የበር ያህል የሚሰፋ። ጣሪያውን እያየ ሲመጣ ቱቦው ግንባሩን ዷ አደረገው። እናቴ "እኔን!" ብላ ጮኸች። ሳህኑን አስቀምጣ፣ ከመሳቢያ ማንኪያ መዛ፣ ማንም ይከለክለኛል ሳትል እንደ ልጅ አስቀምጣው የማንኪያውን ጀርባ እብጠቱ ላይ ጫነችው። ኤጀንቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሳምቡሳው ቀረበለት፤ በላ። ሻዩንም ጠጣና ስኒውን ለድጋሚ አቀረበ። ኤጀንቷ ሰዓቷን ብታይ ባታይ ግድ አልሰጠውም።

ሲበቃው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቤቱ ሲሸጥ ወዴት ትሄዳላችሁ?" አለኝ።

"አናውቅም" አልኩ። እሱም ሌላ አልጠየቀኝም።

እናቴ እሱ ከወጣ በኋላ እንደ ሙሽራ እናት ነበር የሆነችው። "አለቀ! እሱ ይግዛው ያ ረቢ። ቤቴ በልቶ እንዴት አድርጎ ውጡ ይለናል?" አባቴ እንኳ ፈገግ አለ። እኔም ለጥቂት ቀናት አመንኳት፤ ማታ ዱዓ ሳደርግ የማላውቀውን የዚያን ሰውዬ ፊት እያሰብኩ ነበር።

በሳምንቱ ብቻውን መጣ። የጎን በሩን አንኳኳ፤ በከረጢት ትኩስ የተጠበሰ ቼስትነት የሚሉትን ፍሬ ይዟል። አልቀመጥም አለ። ለልጁ ብሎ ምድር ቤት ያለው ቤት ይፈልግ እንደነበር፣ ይህንን ወድዶት ዋጋ ሊሰጥ እንዳሰበ ነገረኝ። "አልቻልኩም" አለ። "እናትሽ ገበታ ላይ ቀርቤ፣ በበነጋው አስወጣቸዋለሁ? ሌላ ቤት እንፈልጋለን።" ለእናቴ ስነግራት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "አላልኩሽም? አላልኩሽም?" ትላለች። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የሰማሁት። የራራልን አንድ ሰው ነበር፤ እሱ መሄዱን ነው የነገረን።

ቤቱን የገዛው ያ በባትሪ ሞተሩን ያየው ሰውዬ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኛን አላየንም፣ ይኸው ነው። በረዶ መጣል ሲጀምር ለራሱ ቤተሰብ እንደሚፈልገው ተነገረንና ፍራሻችንን ጠቅልለን ወደ ከድር ሳሎን ተመለስን። እናቴ ድስቶቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ "የበላውማ መግዛት አቃተው" አለች። "የገዛው ያልበላው ነው።" ምሬት አልነበረባትም፤ ገርሟት ነበር። ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ ለሚገባው ሰው ቤቱን ጠረገችለት።

እሷ ካረፈች ቆይታለች። ከዚያ በኋላ በኖረችበት ቤት ሁሉ ሰው ሳይቀምስ አልወጣም፤ ያ ቅዳሜ ምንም አላስተማራትም። ያስተማረው እኔን ነው። የቤት ባለቤት ከሆንኩ በኋላ እንኳ በቀን በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚደርሰው ፍርሃቱ ነው፤ ባለቤትነቴ ቀስ ብሎ ኋላ ይመጣል። ልጆቼን ግን ይህን ነግሬያቸው አላውቅም። እንዳይፈሩ ብዬ ነበር።

ሐያት ቤቱን አይታ፣ ዝናቡን እየሸሸች ሮጣ መኪናው ውስጥ ገባች። ዓይኗ ያበራ ነበር። "ማሚ፣ ፐርፌክት ነው! ኩሽናው ብቻ ትንሽ ሪኖቬት ይደረጋል። ዛሬ ኦፈር ሰብሚት እናድርግ እያልን ነው። ምን ትያለሽ?"

"ታች ወረዳችሁ?"

"ያ፣ ወርደናል። ጣሪያው ሎው ነው ግን ይሠራል።"

"ሰዎቹስ?"

"የትኞቹ ሰዎች?" አለች ልጄ መኪናውን እያስነሣች።

ያን ኮቴ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ከላይ የሚሄደው ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ልቧም ጥሩ ነው። ይህን ማወቄ ከያኔው ይልቅ አስፈራኝ። እሷ ብትተወው ሌላ ያልበላ ሰው እንደሚገዛው አይጠፋኝም። ቢሆንም የእኔ ልጅ አትሁን።

"ሞተሩን አጥፊው" አልኳት። "የጎን በሩን እናንኳኳለን።"

"ምን ልንላቸው?"

"እንጃ። የሰጡንን እንበላለን።"