አጎቴ ያጠረው መስክ

ከደሴ የተነሳሁት ተናድጄ ነው። ሐይቅ አጠገብ ያለው የእናቴ መንደር ሰዎች ሲደውሉልኝ ሰንብተዋል። አጎቴ እንድሪስ ከጦርነቱ ስደት እንደተመለሰ የመንደሩን የጋራ መስክ በእሾህ አጥሮ ጎመን ተክሎበታል። "አንተን ይሰማሃል" ይሉኛል። ሰምቶኝ አያውቅም።

ሚኒባሱ ሞልቶም አልነሳ አለ። ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ!" እያለ መዓት ሰው ጨመረብን። ሐይቅ ከተማ ስወርድ ጉልበቴ ደንዝዟል። የባጃጁ ሾፌር መንደሩ ድረስ ሊያደርሰኝ ተስማምቶ ኮረብታው ሥር አወረደኝ፤ "ከዚህ ወዲያ ጎማ ይበላል" አለ። እያማረርኩ በእግሬ ወጣሁ።

መስኩ

የማውቀው መስክ ትልቅ ዋርካ፣ ዙሪያውን ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ፣ እስከ ሐይቁ የሚወርድ ሣር ነበረው። በየጓሮው ሸንኮራና ሎሚ ይታያል። አሁን እሾሁ ዋርካውን ሳይቀር ከቦታል፤ መስኩ ላይ ይግጡ የነበሩት ጥጆች መንገድ ላይ ቆመዋል።

አጎቴ ጎመኑን ውሃ ያጠጣል። ከሰላምታ በኋላ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጋራ መሬት ነው" አልኩት።

"ጎመኑ ደርሷል፤ ለእናትህ ትወስዳለህ።"

ሕግ ጠቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩ። ማጠጣቱን አላቋረጠም።

"ለጎመን ብለህ ከመንደሩ ሁሉ ትጣላለህ?"

ባልዲውን አስቀመጠ። "ለጎመን አይደለም። ታጣቂዎቹ መኪናቸውን ያቆሙት እዚህ ነው። ከዚህ ሆነው ነው ቤቴን ሲያዩ የዋሉት። የሚሰፍሩት ባዶ ሜዳ ሲያገኙ ነው። ወላሂ፣ ሁለተኛ እዚህ ማንም አይሰፍርም።"

ጎረቤቱ እትዬ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ኖሯል።

"እንድሪስ፣ እኔም ቤት ገብተዋል" አሉት። "ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ሰው የማየው እዚህ ነበር፤ እሱንም አጠርክብኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅኸኝ?"

አጎቴ ወደኔ ዞሮ "ና፣ ያዝ" አለ። በዋርካው በኩል ያለውን እሾህ ጎተትን። እጄ ደማ፤ እሱ ግን "እንደሱ አይጎተትም!" እያለ ይቆጣኛል። ጎመኑ ያለበትን ጎን አልነካም አለ። እትዬ ዘሃራ መደቡን በሻርፓቸው ጠርገው ተቀመጡ።

ደሴ

ቤት ስገባ እናቴ "አፈረሰው?" አለችኝ።

"ግማሹን።"

"ሌላውስ?"

ጎመኑን ሰጠኋት። ያ ሁሉ ሰው ስለ አጥሩ ሲደውልልኝ፣ አጎቴን ምን እንዳስፈራው የጠየቀው አንድም አልነበረም። እኔም ለክርክር እንጂ ለመጠየቅ አልሄድኩም።

በማግስቱ አጎቴ ራሱ ደወለ፤ ተቆጥቷል።

"መንደሩ ሁሉ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ! እኔ የት ልቀመጥ?"