የጋሽ ከድር አንደኛ ሳጥን

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ከድርን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሳፋና ጀሪካን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሱቁ ከእኔ ጫማ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ስለዚህ እኔ ካሱ ስለ እሱ የማወራው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው፤ ግማሹን ያየሁት ደግሞ እየተበሳጨሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስኳር በሽታ ነው። ሐኪሙ «በየቀኑ በእግርህ ሂድ» አለው። ጋሽ ከድር ግን «ሰው ያለ ጉዳይ ይሄዳል እንዴ? ያየኝ ሁሉ ምን ይለኛል?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ልጁ ሁስና ጉዳይ ፈለገችለት፤ ስልኩ ላይ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ጫነችለት። አንዱ ትንሽ ሳጥን ይደብቅና ቦታውን በኢንተርኔት ያስቀምጣል። ሌላው በሳተላይት እየተመራ ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል። ሽልማት የለ፣ ትርፍ የለ። ነጋዴው ሰውዬ በዚህ ነገር አበደ።

ያኔ ባለቤቱ ባህሪያ በሕይወት ነበረች። ከራሱ ሱቅ ክዳኑ ግጥም የሚል ሳጥን መርጦ፣ ውሃ እንደማያስገባ ቀኑን ሙሉ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ፈተነውና፣ ባልና ሚስቱ ዶርዜ ወጥተው የወዳጁ የሸማኔው የዳልጮ ቤት ላይ ደበቁት። የዳልጮ ቤት እንደ አገሩ ደንብ በቀርከሃ የተጠለፈ፣ ከፊት ለፊቱ አፍንጫ የወጣለት ረጅም ቤት ነው። ሳጥኑን አፍንጫው ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር አሰሩትና በኢንተርኔት «አንደኛ ሳጥን» ብለው አስመዘገቡት። የደበቀ ሰው የራሱ ሳጥን ላይ አይፈርምም፤ ሕጉ ነው። ባህሪያ ግን አንድ ጊዜ ጓሮውን ዞራ መጣችና «ፈልጌ አገኘሁ!» ብላ የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፦ «ከድር ዛሬ ሳያማርር ሄደ። ባህሪያ።»

በዓመቱ ባህሪያ ሞተች። ጋሽ ከድር መሄዱን አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። በበጋ ጫኖ የሙዝ ማሳ ዳር ባርኔጣውን ደፍቶ ይንከራተታል። በክረምት ወደ ደጋው ይወጣል፤ ዝናብ ልብሱን፣ ስልኩን የሚያስርበት ፌስታል፣ የቀርከሃ ዱላውን ይይዛል። የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ስለሚፈስ እርሳስ አይለየውም። ከጠባብ ቀዳዳ ወረቀት የሚያወጣበት ወረንጦም አለው፤ የባህሪያ የነበረ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አይሄድም፤ ዶርዜ። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሐምሌ ፊቱን ጥሎ ሱቄ ገባ። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ «አንደኛው ሳጥን የለም፤ ቦታው ጎመን ብቻ ነው» ብለው ጨዋታው ላይ ጽፈዋል። የጨዋታው ተቆጣጣሪ ደግሞ የደበቀው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄዶ ካላየው የሳጥኑን ገጽ እዘጋዋለሁ ብሏል።

«ገጹስ ይዘጋ» አለኝ። «እሷ የጻፈችው ነው የጨነቀኝ። ስልኬ ላይ ፎቶዋ አለ፣ ድምጿ አለ። በእጇ የጻፈችልኝ ግን እሱ ብቻ ነው።»

«ለዳልጮ አትደውልም?»

«ደወልኩ። ‹አለ፣ ከቤት አልወጣም› ይለኛል። እንዳይከፋኝ ብሎ እየዋሸኝ ነው።»

ከመደርደሪያው ላይ ቦቲ አውርጄ ሰጠሁትና ሱቄን ዘግቼ አብሬው ወጣሁ። ምን ዋጋ አለው! ሚኒባሱ ከሲቀላ ከተነሳ ጀምሮ «ቦቲው ጠበበኝ፣ ተረከዜን ላጠኝ፣ አንተ ጫማ ሻጭ ነህ ወይስ ጠላት?» ሲለኝ ነው ዶርዜ የደረስነው።

ጭጋጉ ከባድ ነው፤ ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። በስልኩ እየተመራን ጭቃውን ስናቦካ ቆየንና ስልኩ ደርሳችኋል ሲል የቆምነው እውነትም ጎመን መሀል ነበር። ቤት የለም። ጋሽ ከድር ተንበርክኮ ቅጠሉን በሁለት እጁ ይገልጥ ጀመር።

«ማነው ደግሞ ጎመኔን የሚረግጠው?» የሚል ድምፅ ከጭጋጉ ውስጥ መጣ።

«ዳልጮ! እኔ ነኝ፣ ከድር! ቤትህ የታለ? ፈረሰ?»

«ማን አፈረሰው? ሄደ እንጂ!»

የዶርዜ ቤት ይሄዳል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ጎረቤት ተሰብስቦ ከነጣሪያው ያነሳውና ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ጋሽ ከድርም ያውቃል፤ ሳጥን ሲደብቅ ግን ትዝ አላለውም። ዳልጮ ከጭጋጉ ወጥቶ ሁለታችንንም አቀፈን።

«መጋቢት ላይ አነሳነው፤ አርባ እርምጃ ወደ ላይ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ለምን እነግርሃለሁ? ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ ሁሉን ያያል ያልከኝ አንተ አይደለህ? ሠላሳ ሰው በጠራራ ፀሐይ ቤት ተሸክሞ ሲሄድ አላየም?»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጎመኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ከድር ግን አልሳቀም፤ እያነከሰ ወደ ላይ፣ ወደ ዳልጮ ቤት ሮጠ።

ሳጥኑ አፍንጫው ውስጥ፣ እዚያው ጣሪያው ሥር ነበር። ደብተሩን ሲገልጠው የባህሪያ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ፣ ከዚያ በታች ገጹን የሞላ የስም መዓት፤ መጻፍ የማይችለው በከሰል አውራ ጣቱን አሳርፏል።

«ቤቱ ሲነሳ ሳጥኑ ወደቀ» አለ ዳልጮ። «ያገኘ ሁሉ ይጽፋል ብለህ የለ? የተሸከመው ሁሉ አገኘው፣ ሁሉም ጻፈ። ይቺን መስመር ግን ማንም እንዳይነካት አልኩ። ያንተ ናት።»

«የደበቀ አይፈርምም» አለ ጋሽ ከድር።

«አንተ የደበቅከው ታች ነው። አሁን ጎመን ውስጥ ተንበርክኮ ሲፈልግ የነበረው ማነው?»

ጋሽ ከድር እርሳሱን አውጥቶ፣ ጭቃ የነካ እጁን በዝናብ ልብሱ ውስጥ ባለው ሸሚዙ ጠርጎ ከሚስቱ ስም ሥር ጻፈ። በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ አነበብኩት፦ «ዛሬም ሳላማርር መጣሁ። ከድር።»

ሰውዬው ከሲቀላ እስከ ዶርዜ በምሬቱ ጆሮዬን ሲበላኝ ነው የመጣው፤ እኔ ግን አላጋለጥኩትም፤ እርሳሱን ተቀብዬ ከገጹ ግርጌ በቀረችው ጥግ እኔም ስሜን ጻፍኩ።