ቆጥ ላይ ሆነን ያቀድነው የባሕር ዳር ጉዞ

ልጅ ሳለሁ፣ እኛ ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ሲገባ ውሃው እንግዳ አልነበረም፤ በር ሳያንኳኳ ይገባል፣ ምድጃችን ላይ ይቀመጣል፣ ሲያሻው ዶሮዎቻችንን ይዞ ይሄዳል። የዚያን ዓመቱ ግን ከሁሉም ባሰ። እንቁራሪቶቹ ሳይቀሩ ከወረታ እስከ ይፋግ መጠለያ ፍለጋ ተሰለፉ ብል የሚያስተባብለኝ የለም፤ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሁሉ አልፈዋልና።

ያኔ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲለቀቅ፣ አባቴ ሁለቱን በሬዎች ፈትቶ ወደ ዳገቱ ሊያሻግራቸው ወጣ። እናቴ እኔንና ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቼን እህሉ ወዳለበት ቆጥ አወጣችን። አንድ እግራቸውን የሚያነክሱት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደረሰ፣ ባንድ እጃቸው ኩራዝ፣ በሌላው ፍም ያለበት ገል ይዘው ተከተሉን። መሸት ሲል የኩበቱ ጭስ መውጫ አጥቶ ዓይናችንን ይለበልበው፣ ውሃው ከታች ማድጋውን ከግድግዳው ጋር ያጋጨው ጀመር። ትንሹ ወንድሜ አለቀሰ። አያ ደረሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«በሉ፣ መኸሩ ሲገባ ባሕር ዳር እንሄዳለን» አሉ።

«ምን ልናይ?» አልኳቸው።

«ውሃ ነዋ!»

«ውሃ ለማየት ምን ያስኬደናል? ይኸው ቤታችን ድረስ መጥቶልን!»

እናቴ እንኳ ሳቀች።

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም! የዚያኛው ውሃ ጨዋ ነው፤ ከቦታው አይነሳም» አሉኝ አያ ደረሰ።

አያ ደረሰ ባሕር ዳርን ያዩዋት አንድ ቀን፣ ያውም ከብት ሊነዱ ሄደው ነው። እሳቸው እንዳሉን ግን ፀሐይ የምታድረው እዚያ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ውሃዋን አራግፋ ትነሳለች። ዘንባባው ሥር የተቀመጠ ሰው ልብሱ ሳያወልቀው ይደርቅለታል፤ አሣው ሰው ሲያይ ራሱ ዘሎ መጥበሻው ላይ ይወጣል። ከዚያ የአውቶቡሱን ወንበር አደሉን፤ እናቴን ከሾፌሩ ኋላ፣ አባቴን በመስኮቱ በኩል፣ እኔን ከአባቴ ጎን። ወንድሞቼ እኔ ነኝ በመስኮት እኔ ነኝ በመስኮት ተባብለው ተቧቀሱ። ሐሙሲት ላይ ወርደን የምንበላው ሳይቀር ተቆረጠ።

በዚህ መሃል ከደጅ በሬ ሲያገሳ ተሰማ። አያ ደረሰ ኩራዙን ይዘው በጣራው ሥር ባለው ቀዳዳ ተመለከቱ። እኔም በክንዳቸው ሥር አጮለቅኩ፤ ዳልቻው በሬያችን ገመዱ እንደተንጠለጠለ፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ብቻውን ቆሟል።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«በሬው መጥቷል።»

«እሱስ?»

አያ ደረሰ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ፍሙን እፍ አሉት፣ ጉዞውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ሐይቁ ጋ ደረስን፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተሳፈርን፤ እናቴ ከፊት፣ ወንድሞቼ መሃል፣ እኔና እሳቸው ከኋላ።

«አባባስ?» አልኩ።

ፍሙን ቆሰቆሱት።

«አያ፣ አባባን የት አስቀመጡት?»

ፀሐይን ሐይቅ ውስጥ የሚያስተኙት ሰው ላንድ ሰው መቀመጫ አጡ። ኩራዙን ከፊታቸው ዞር አደረጉት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ታንኳችን እዚያው ውሃው መሃል ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ጎረቤቶች የአባቴን አስከሬን ተሸክመው መጡ።

መኸሩ ሲገባ እናቴ ከል እንደለበሰች ባሕር ዳር ወሰደችን። አያ ደረሰ «ዘንድሮስ ይቅርብን» ቢሏት አልሰማቻቸውም። ፀሐዩ እውነትም እሳቸው እንዳሉት ነበር፤ ሐይቁ ያብረቀርቃል፣ ሰው በየዘንባባው ሥር ይዝናናል። እኛ ጀርባችንን ለውሃው ሰጥተን አሣችንን በላን።

አሁን የልጅ ልጆቼ ስልካቸው ላይ ተደፍተው፣ ለዕረፍታቸው ባሕር ዳር የት እንደሚያርፉ፣ በየትኛው ጀልባ እንደሚዞሩ ሲማከሩ ጎናቸው ተቀምጬ እሰማለሁ። ሂዱም ቅሩም አልላቸውም። ጨዋታ ሲጠይቁኝ ግን አላሳፍራቸውም፤ ያጠመድኩት አሣ ጭራው ባሕር ዳር፣ ራሱ ጎርጎራ ነበር እላለሁ፤ ጉማሬ ጭኜ ገበያ ወጥቻለሁ እላለሁ። «እቴቴ ደግሞ ትቀጥፊያለሽ!» እያሉ በሳቅ ይወድቃሉ። ይበሉኝ። እኔ በምነግረው ተረት ውስጥ ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ፣ ዘንዶ ቢውጠው እንኳ፣ እራቱ ሳይቀዘቅዝ ይገባል።