የባለቤቴ አዲስ ደንበኛ

ነገሩ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ዘመዶቼ «እርሺው» ይሉኛል። አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልፈልግም።

የምኖረው ሞጣ ነው፤ ጨርቅ እነግዳለሁ። ባለቤቴ ጠበቃ ነው። ያን ሰሞን ቢቸና ለታሰረ አንድ አስተማሪ ይከራከር ነበር። አስተማሪው ስብሰባ ላይ ባለሥልጣናትን አምርሮ ስለተናገረ «ሕዝብ አነሳስተሃል» ተብሎ ነው የተከሰሰው።

አንድ የጸጥታ ኃላፊ ለባለቤቴ ደወለለት። «መዝገቡን ልቀቅ፤ ልጆች አሉህ» አለው። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ እራቱን በላ። እኔ ተነስቼ በሩን ደግሜ ቆለፍኩ።

በቀጠሮው ዋዜማ ወደ ቢቸና ሲሄድ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አወረዱት። ክስ የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብለው አሰሩት። አስተማሪውም ያለ ጠበቃ ተፈረደበት።

ስንቅ ይዤ ስሄድ ያ የደወለው ኃላፊ እስር ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰሃኑን ከፍቶ ወጡን በእስክሪብቶው አማሰለና «መልሺው፣ አይገባም» አለኝ። «ወላሂ አንተም ታገኛታለህ!» አልኩ በልቤ።

ባለቤቴ ከወራት በኋላ ተለቀቀ። በጣም ከመክሳቱ የተነሳ ትንሿ ልጃችን ሸሸችው።

ዘንድሮ ያ ኃላፊ ከአለቆቹ ጋር ተጣላና እሱም ታሰረ። የሰማሁ ቀን ሱቄን ዘግቼ ጎረቤቶቼን ለስላሳ ጋበዝኩ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ?

ደስታዬ ግን አልቆየም። የኃላፊው ታላቅ ወንድም ሽማግሌ አስከትሎ፣ ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። ለወንድሙ የሚቆም ጠበቃ አጥቷል። ሁሉም ፈርተዋል። መፍራትን ያስተማራቸው ማን ሆነና!

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ አባቴ» አልኳቸው። «ደግሞስ የበደለው ሌላ፣ ድንጋይ የተሸከመው ሌላ!»

ባለቤቴ ግን «አውርደው» አለና ድንጋዩን ከትከሻው ላይ ተቀበለው።

«ለዚህ ሰው ልትቆም ነው?» አልኩት ሰዎቹ ሲሄዱ።

«ያለ ጠበቃ ይፈረድበት ካልኩ፣ አስተማሪው ላይ የተሠራው ልክ ነበር ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራቱን ለብቻው አቀርብለት ጀመር።

የቀጠሮው ዕለት ግን ቢቸና ድረስ ተከትዬው ሄድኩና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዳኛው ተከሳሹን አቤቱታ እንዳለው ጠየቁት። ያ ሰው ድምፁን አለስልሶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከጠበቃዬ ጋር እንዳልገናኝ ተከልክያለሁ። ይህ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ችሎቱ እስኪደነግጥ ነው የሳቅኩት። ዳኛው ተቆጥተው አስወጡኝ። በሩ ጋ ስደርስ ዞሬ አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ውጭ ቆሜ በመስኮቱ ሳዳምጥ ባለቤቴ ለዚያ ሰው መብት ድምፁ እስኪሻክር ይከራከራል።

በባለቤቴ ኮራሁ፤ አልዋሽም። ይቅር ግን አላልኩም። አስተማሪው ዛሬም እስር ቤት ነው። አስተማሪው እስኪፈታ ድረስ በኃላፊው ቀጠሮ ሁሉ እሄዳለሁ፤ ያ ሰው ቀና ባለ ቁጥር እኔን ያያል።