የድንች አልፎርኖና የእህቴ ግዝት

እህቴ ለሕክምና ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ስንቋን ይዛ ነው የመጣችው። አንድ ስልቻ በሶ፣ አንድ ቋጠሮ ዳቦ ቆሎና የራሷን ጣሳ ታቅፋ ደጄ ላይ ስትቆም የግቢው ተከራዮች ሁሉ አዩ። እህትየዋ ቤት ሊያድር የመጣ ሰው ስንቅ ምን ያደርግለታል ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ግዝቷን አልረሳችም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናታችን ሞት ነው። እናታችን ሆዷ ማበጥ ሲጀምር እህቴ ጸበል ይሻላታል አለች፤ እኔ ሆስፒታል አልሁ። እኔ የከተማ አስተማሪ ነኝ፤ እህቴ ደግሞ ደብረ ወርቅ አጠገብ ካለው ቀያችን ርቃ የማታውቅ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻዋን ብቻዋን የምታሳርስ ሴት ናት። በክርክሩ የረታኋት በእውቀት ይመስላት ይሆናል፤ የረታኋት ግን በአፌ ነው። እናታችንን በሚኒባስ አሳፍሬ ወደ ማርቆስ አመጣኋት። ብዙም አልቆየች፤ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ እኔን እያየች ሞተች። እህቴ አልደረሰችባትም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እህል አልቀምስም ብላ ተቀምጣ ስለነበር፣ እንጀራ በሳህን ይዤ ፊቷ ተንበረከክሁ። ሳህኑን በሰው ፊት ገፋችውና «ከዛሬ ጀምሮ ከእጅሽ እህል ብቀምስ የጊዮርጊስ ግዝት ይሁንብኝ» አለች። ባገራችን ግዝት የዋዛ ነገር አይደለም። ሰው በታቦት ስም ራሱን አንዴ ካሰረ፣ ቄስ ሳይፈታው ቃሉን ያፈረሰ እንደሆነ መዓት ይወርድበታል ተብሎ ይፈራል። ሲያባብሏት የነበሩት ሽማግሌዎች እንኳ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዓል በመጣ ቁጥር እየሄድሁ እጠይቃት ነበር። እሷ የሠራችውን እኔ እበላለሁ፤ እኔ ይዤ የሄድሁትን እሷ ለጎረቤት ታድለዋለች። ሰላምታዋን አልነፈገችኝም። እንዲያውም ሰላምታዋ ከስድብ የባሰ ያመኝ ነበር፤ «እንዴት ነሽ፣ ደኅና ነሽ» ትልና ፊቷን ወደ ከብቶቿ ትመልሳለች። ብትሰድበኝ እኔም አፍ አለኝ፤ እመልስላታለሁ። ለደኅና ነሽ ግን ምን ይመለሳል?

በዚህ መሀል አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት እያደገ ሄደ። እንቅርት በእኛ በኩል ብዙ ሴት አንገት ላይ ስላለ ማንም ጉዳዬ ብሎ አያየውም። የእሷ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮዋን እየተጫነ እንጀራ መዋጥ ከለከላት። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ተባለች፤ ማርቆስ ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም። ወደ እኔ የመጣችው ናፍቄያት ነው ብዬ ራሴን አላታለልሁም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሐኪሙ ካያት በኋላ እኔን ለብቻ ጠርቶ «በጣም ከስታለች፤ እስከ ቀጠሮዋ ወተት፣ እንቁላል፣ ለስለስ ያለ ነገር አብያት» አለኝ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ወተት የማትጠጣበት ምንም ሰበብ አልነበራትም፣ ከእኔ እጅ መሆኑ ካልሆነ በቀር። እሷ ግን ጧትም ማታም በሶዋን በጣሳዋ በጥብጣ በቀስታ ፉት ትላለች። ጎረቤቴ አዝና ወተት ብታመጣላት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ደጅ ለደጅ የምለምን ሴት አይደለሁም» ብላ መለሰቻት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው፤ ጉሮሮዋን በሽታ ዘግቶባት የቀረውን እሷ ትዘጋዋለች።

ያኔ ነው የድንች አልፎርኖ ትዝ ያለኝ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ ክፍል የምንተኛ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች ያስተማረችኝ። ዋና ምግብ አይደለም፤ ከእንጀራው ጎን፣ ሳህኑ ጥግ ላይ ቁጭ የሚል ማባያ ነው። ግን ብርድ ሲሆን፣ ደግሞም ሲከፋኝ፣ ሌላውን ትቼ እሱን ብቻ እበላለሁ። ጥርስ አይፈልግም፣ ጉሮሮ አይቧጥጥም። በዚያ ላይ ቅቤና ሽንኩርቱ ሲሸት ሆዷን ያባባው እንደሁ ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እህቴን እንደማላውቃት።

ድንቹን በልጣጩ ቀቅዬ ሳወጣው ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። ቢላውን ከእጄ ወስዳ ትኩሱን ድንች ከእጅ እጅ እያገላበጠች ትልጠው ጀመር።

«ድንች ደግሞ እንዲህ ይጨነቁለታል እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በእኛ ቀዬ ድንች የክረምት ማለፊያ ነው። ጎተራው ሲጎድል ይቀቀላል፣ ልጆች በሚጥሚጣ እየነከሩ ይበሉታል፤ እንግዳ ፊት ግን አይቀርብም። እንግዳ ፊት ድንች ማቅረብ ጎተራዬ ባዶ ነው ብሎ ማወጅ ነው። ይህን እያወቅሁ ለእህቴ ድንች መሥራቴ ራሱ ሌላ ቂም እንዳያመጣብኝ ሰግቻለሁ።

ሽንኩርቱን በቅቤ አቁላላሁ። ትንሽ የስንዴ ዱቄት ነሰነስሁበትና ወተቱን ጠብ እያደረግሁ ማማሰል ያዝሁ።

«ወተቱን ገንፎ ልታደርጊው ነው?»

«ዝም ብለሽ እይ፣ እታለም።»

«ማየቱንስ እያየሁ ነው። ያልታየ የለም ከተማ።»

ድንቹን በስሱ ከትፌ ብረት ድስቱ ውስጥ ደረደርሁት፤ ከላዩ ወተቱን፣ እንደገና ድንች፣ እንደገና ወተት፣ መጨረሻ ላይ አይብ። መጋገሪያ ፎርኖ ስለሌለኝ ድስቱን ከሰል ላይ ጥጄ ክዳኑ ላይም ፍም አደርግበታለሁ። እህቴ ይህን ስታይ አላስችል አላት። ጉልበቷ ደክሞ ሳለ ተነሥታ መቆንጠጫውን ያዘችና ከሥር ያለውን ፍም ወደ ክዳኑ ታወጣው ጀመር። «ከላይ ይበዛል፣ ከታች ያንሳል። ድፎ ዳቦ ስንጋግር አይተሽ አታውቂም?» አለች። ያን ጊዜ ለትንሽ ደቂቃ የእናታችን ቤት የተመለስን መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መደበቅ አልፈልግም።

ሽንኩርቱን ሳቁላላ ግዝቷን ዘንግቼ ማማሰያውን «ጨው ቅመሺልኝ» ብዬ ዘርግቼላት ነበር። አፏን አላስጠጋችም። አፍንጫዋን አስጠጋች። በጾም ቀን የፍስክ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ጨው የሚለዩት እንዲህ ነው፤ ሳይቀምሱ በማሽተት። አሸተተችና «ጨው ያንሰዋል» ብላ ፊቷን መለሰች። ጨመርሁበት። ልክ ነበረች።

ሲደርስ ከፈትሁት። አይቡ ወርቃማ ሆኖ ዳር ዳሩ ቡክ ቡክ ይላል። እንጀራ አነጠፍሁ፣ ሽሮ አወጣሁ፣ ድንቹን ከጎኑ በሰፊው ጨልፌ አቀረብሁላት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ምራቋን ስትውጥ፣ ስትውጥም ሲያማት አየኋት። ከዚያ «እጅሽ ይባረክ» አለችና ጣሳዋን አንሥታ በሶዋን በጠበጠች።

ንዴቴ ወጣ። «ግዝት ግዝት እያልሽ በርሃብ ልትሞች ነው?» ብዬ ጮኽሁ። «ቄስ ጠፋ እንዴ? ለምን አታስፈችውም?»

«እናቴ በርሃብ አልሞተች» አለችኝ። ሳህኑን አንሥቼ ወጣሁና ለጎረቤት ልጆች ሰጠኋቸው።

የቀጠሮዋ ቀን ደረሰ። ቀዶ ሕክምናው ደኅና አለፈ ተባልሁ። ስገባ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አንድ እጇ ላይ ግሉኮስ ተተክሎላት፣ ሌላው እጇ ከጎኗ ተዘርግቶ አገኘኋት። ድምፅ የላትም። በማግስቱ ነርሷ «አሁን ለስላሳ ነገር በትንሽ በትንሹ አብያት» አለችኝ። እኔም ሌላ የማውቀው ነገር የለምና ያንኑ ድንች ሠርቼ፣ በወተት አቅጥኜ በምሳ ዕቃ ይዤ መጣሁ። አፏን እንደምትገጥም እርግጠኛ ነበርሁ። ስትገጥም ጎን ካለው አልጋ ሴት ልጃቸውን የሚያስታምሙትን ከሉማሜ የመጡ እናት እለምናለሁ ብዬ አስቤ ነው የመጣሁት።

በማንኪያ ጨልፌ አስጠጋሁላት። እህቴ አየችኝና አፏን ከፈተች።

እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ለዓመታት የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ በየበዓሉ ያን ሁሉ መንገድ የሄድሁት ለዚህ ነበር። እጄ ግን አልሄድ አለ። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ በሽታ ከጀርም እንጂ ከእርግማን አይመጣም እያልሁ የማስተምር ሴት፣ ፋሻውን አይቼ ግዝቱን ፈራሁ። ቄስ ሳይፈታው፣ ደክማ፣ መናገር አቅቷት ብትጎርስና መዓቱ ያ የተቆረጠ ጉሮሮዋ ላይ ቢወርድባትስ? አንዷ በእጄ ሞታለች። ሁለተኛዋም በእጄ ከሞተች እኔ ምን ሆኜ እኖራለሁ? እህቴ አፏን እንደከፈተች ትጠብቃለች።

ዞር አልሁና «እማማ፣ እባክዎ እርስዎ ያብሉልኝ፤ እኔ አልቻልሁም» አልኋቸው ሴትዮዋን።

«ምነው ልጄ፣ አይዞሽ፣ ደም ፈርተሽ ነው» አሉና መጥተው ማንኪያውን ተቀበሉኝ። ምግቡ የእኔ ቢሆንም እጁ የሰው ነው፤ ግዝቱ እጄን እንጂ ድስቴን አልጠራም ብዬ በልቤ ተከራከርሁ። ክርክር መቼም አያልቅብኝም። እህቴ እኔን ማየት ትታ ጣሪያውን እያየች የሰጧትን ሁሉ በላች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ይወርድ ነበር። ቁስሉ አሟት ነው ብዬ ነርስ ጠራሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ድምፅዋ ሻክሮ፣ ዝቅ ብሎ መጣ። የቀረላትን በሶ ግን አልነካችም፤ ጎረቤቴ ወተትና ገንፎ ስታመጣላት አሁን ያለ ክርክር ትቀበላለች። እኔ የዳነች ሰው ለስለስ ብላ ነው አልሁ እንጂ ሌላ አላሰብሁም። ወደ አገሯ ልትሄድ በተነሣችበት ቀን ምሳ ላይ፣ ከእኔ እጅ እንደማትበላ እያወቅሁ ድንቹን ደገምሁት። ለራሴ ነው ብዬ አቀረብሁት። ገበታው ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ነው የተናገረችው።

«ግዝቱ ተፈትቷል እኮ።»

«መቼ?»

«ከመምጣቴ በፊት። ለትንሣኤ ልቁረብ ብዬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ፈቱኝና ቀኖና ሰጡኝ። ‹ሄደሽ ከእህትሽ እጅ ጉረሽ፣ ከዚያ ትቆርቢያለሽ› ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን በሶ ስትበጠብጭ የከረምሽው?»

«ሆዴ እንቢ አለኝ። አንችን ባየሁ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች። እሳቸው ቃሌን ፈቱልኝ እንጂ ሆዴን ማን ይፍታልኝ?» ውኃ ጠጣችና ጉሮሮዋ እስኪያርፍ ቆየች። «ሆስፒታል ጊዜ ግን ቆርጬ ነበር። ስነቃ አንች አጠገቤ ተቀምጠሻል። እናቴም እንዲህ ስታይሽ ነው የሞተች፣ ለካ ብቻዋን አልነበረችም አልሁ። አፌን ከልቤ ነው የከፈትሁልሽ። አንች ለባዕድ ሰጠሽኝ።»

«ግዝቱን ፈርቼ ነው» አልኋት።

«አንች? አስተማሪዋ?» አለችና ሳቀች፤ ስትስቅ አንገቷን በእጇ ደገፈች። እኔ አልሳቅሁም። ልቤ ተሰበረ። ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ቂም ሁሉ በእናቴ ሞት አሳብበው ነበር። ይህኛውን በማንም አላሳብበውም።

ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ። ከድንቹ፣ አይቡ ከተጠበሰበት ዳር፣ በእንጀራ ጠቅልዬ አፏ ዘንድ አደረስሁት። እጄን አየችው። ጎረሰችው፤ ቀስ ብላ አላመጠችና ዋጠችው። ሳያማት ስትውጥ ማየቴ ብቻውን ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን በቃኝ ማለት አላውቅምና ሁለተኛ ጠቀለልሁ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልኋት።

ክንዴን በቀስታ ይዛ ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ያጣላን» አለችኝ። «የታዘዝሁት አንድ ነው።»

መነኻሪያ ድረስ ስልቻዋን ተሸክሜ ሸኘኋት፤ በሰላም ግቢ አልኋት፣ ደኅና ሁኝ አለችኝ። ቤት ስመለስ ጉርሻው እንደተጠቀለለ ሳህኑ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። እኔው በላሁት።