ባለባርኔጣው አዝማሪ በአክስቴ ሠርግ

ባንዳችን አራት ሰው ነው፤ አራታችንም በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም። ዘፋኛችን ከአርጀንቲና ወደ እስራኤል መጥቶ ጋን ያቭኔ የሚኖር የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። የሚወደው ካንትሪ ነው፤ የአሜሪካ ባላገሮች ስለ ፈረስ፣ ስለ ጭነት መኪናና ጥላቸው ስለሄደች ሚስት የሚያለቅሱበትን ዘፈን ማለቴ ነው። ነገር ግን ጊታሩን ሲያነሳ እጁ ሳያስፈቅደው ወደ አገሩ ምት ይሄድና ፈረሱ ወገቡን ማወዛወዝ ይጀምራል። ከበሮ የምትመታው ልጅ ቂርያት ማላኪ ተወልዳ ያደገች፣ በቅርቡ ከውትድርና የወጣች የእኛው የሐበሻ ልጅ ናት፤ ሮክ ካልሆነ እንቅልፍ ይወስዳታል። ኪቦርድ የሚጫወተው የገዴራ መምህር ደግሞ በየዘፈኑ መሃል ጠዋት ሬዲዮ ላይ የሰማውን የፖፕ ዜማ ካልሰነቀረ ያመዋል። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቀን ቀን ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት እነዳለሁ።

የምንለማመደው ከሕንፃችን አጠገብ ባለው ሚቅላት ውስጥ ነው፤ ሮኬት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሸሸግበት የምድር ቤት። አንዲት ጎረቤታችን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «ሳይረን ሲጮህ ወደዚህ እንሮጣለን፤ እናንተ ስትጮኹ ደግሞ ወዴት እንሩጥ?» አለችን። ዘፋኛችን አማርኛ ስለማያውቅ ያደነቀችን መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳት። ባርኔጣው ሰፊ የካውቦይ ባርኔጣ ነው፤ በሚቅላቱ በር በጎን ካልሆነ አይገባም።

ስለ ዘፋኛችን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ግን የእንግሊዝኛ ዘፈኖችን በጆሮው ብቻ ይዞ አንድ ፊደል ሳያጎድል ይዘፍናል። ጆሮው የገባውን ሁሉ አይለቅም። ይህ ተሰጥኦ እኔን ለመጨረስ የተሰጠው እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

አክስቴ እናቴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ኡልፓን ገብታ ዕብራይስጥ መማር ጀመረች። ዕብራይስጡ እምቢ አላት፤ ከጎኗ የሚቀመጠው ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ግን እሺ አላት። ሰውየው ቤቱ ያቭኔ ነው፤ እዚህ ቂርያት ማላኪ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ብቻ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሊጋቡ መሆኑን ስትነግረኝ እንደ ኮረዳ አንገቷን ሰበረች፤ እኔም እንደ አባት ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ችግሩ አጎቴ ነበር። የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰቡ ራስ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ ብቻውን የሚኖር ቁጡ ሰው። አርብ አርብ ወርዶ እኛ ቤት ይበላል፤ እየበላ ይቆጣል፤ ጠግቦም ይቆጣል። የጋብቻውን ነገር ሲሰማ፣ «በዚህ ዕድሜ ሠርግ ምንድን ነው? ሰው ይስቅብናል!» ብሎ ደረጃውን እየረገጠ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እየወረደ ይበላል፤ ግን ቃል አይወጣውም።

በእኛ ዘንድ ሙሽሮች የትልልቆችን ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። የአክስቴ አባት የለም፤ ታላቅ የምትለው ያ ወንድሟ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሙሽራው ቁርጡን ነገረችው፤ «ራቢው ቢያጋባን፣ ሰው ቢያጨበጭብ፣ ወንድሜ ጉልበቱን ሰጥቶ ካልመረቀኝ ከቂርያት ማላኪ ንቅንቅ አልልም።» ሰውየው ያቭኔ ላይ ቤቱን ቀለም አስቀብቶ፣ አዲስ ሶፋ ገዝቶ ጨርሶ ነበር። «ቤሰደር፣ እሺ፣ እጠብቃለሁ» አላት። ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ ግን አልጠየቀም፤ አጎቴን ስለማያውቀው ነው።

ሠርጉ ገዴራ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ አርብ ቀትር ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። ሁለት ቀን ሲቀረው የተያዘው ዘፋኝ ድምፁ ተዘጋ። አክስቴ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እናንተ የምትጫወቱት ያ ነገር ምንድን ነው?»

«ካንትሪ ነው። የአሜሪካ ባላገር ዘፈን።»

«ባላገር ከሆነ መቼስ ይግባባል። አንተው ተጫወትልኝ።»

ላሳደገችኝ ሴት አይሆንም ማለት አልቻልኩም። እሺ አልኩና በሌሊት ልብሴ ወደ ዘፋኛችን ስልክ ደወልኩ።

ሁለቱን ቀን ሙሉ እስክስታ የሚያስመታ ምት አስጠናኋቸው። ከበሮ መቺዋ ቶሎ ገባት፤ ደሟ ነው። ዋናው ጣጣ የግጥሙ ነገር ነበር። በእኛ ሠርግ ላይ እንግዳ ሁሉ ገጣሚ ነው። ተነስቶ ወደ አዝማሪው ጆሮ ጠጋ ይልና «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ቃል በቃል ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ይህ ካልሆነ ሠርግ አይደለም፤ የልደት በዓል ነው።

ይህንን ለዘፋኛችን በዕብራይስጥ አስረዳሁት። «ትልቅ ሰው ወደ ጆሮህ ተጠግቶ ሲናገር ያለውን ሁሉ ተቀብለህ ዝፈነው። አትጨምር፣ አትቀንስ። ካልዘፈንከው ሰውየውን አዋረድከው ማለት ነው።»

«ምንም ቢል?» አለኝ።

«ምንም ቢል» አልኩት።

አዝማሪ የሚቀበለው «ተቀበል» ሲባል ብቻ እንደሆነ አልነገርኩትም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ነገር ማን ያስረዳል? የገዛ እጃችሁ ስንት ጣት እንዳለው ለእንግዳ ትነግራላችሁ?

በቀጠሮው ቀን ራቢው ሥርዓቱን ፈጽሞ፣ በአይሁድ ሠርግ ደንብ ብርጭቆው ተሰብሮ፣ እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ በየጠረጴዛው ዞሩ። አጎቴ ጋ ሲደርሱ አክስቴ ዝቅ አለች፤ እሱ ግን ወንበሩን ወደፊት ስቦ ሁለት ጉልበቱን ከጠረጴዛው ሥር ከተተና የጠረጴዛውን ልብስ እስከ ሆዱ ጎትቶ ተሸፈነ። እውነቴን ነው፣ ጉልበቱን ደበቀ! አክስቴ ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ቆይታ ቀና አለች። ፊቷን አይቼ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ልጮህበት ፈለግሁ። ሙሽራው ክንዷን ይዞ ወደ ቦታቸው መለሳት፤ የእሱም ትከሻ ያን ቀን አልተንቀጠቀጠም።

ያላ፣ በሉ፣ ቢያንስ ሰው ይጨፍር ብዬ ምልክት ሰጠሁ። ባንዳችን ተነሳ። ዘፋኛችን ባርኔጣውን አቀና፤ ከበሮው እስክስታ ይላል፣ ጊታሩ ፈረስ ይጋልባል፣ ኪቦርዱ ሬዲዮ ሆኗል። አሮጊቶቹ አንድ ደቂቃ ያህል አፋቸውን ከፍተው አዩን፤ ከዚያ አንዷ ትከሻዋን ሞከረች፤ ከዚያ ሁሉም ተነሱ። በዚያ ምት ትከሻ ከነወገብ እንደሚሄድ ያኔ ነው ያወቅሁት።

አንድ የእኛ ሰፈር ሽማግሌ መጡና «ተቀበል!» አሉት፦

«የያቭኔው ዘበኛ በር ይጠብቅ መስሎን፣
እህታችንን ይዞ ሄደ እኛን ጥሎን።»

ዘፋኛችን ተቀበለ። ከአፉ የወጣው አማርኛ ቡነስ አይረስ ዞሮ የመጣ አማርኛ ነው፤ ግን አንድ ቃል አልጎደለም። አዳራሹ ተናወጠ። ከሙሽራው ወገን አንዲት ሴትዮ እየሮጡ መጡ፦

«የማላኪ ሰዎች ምንድን ነው ኩርፊያችሁ፣
መኪና ብትነዱ ያቭኔ ናት ደጃችሁ።»

ይህንንም ተቀበለ። ሰዉ ከእሱ ጋር ፍቅር ያዘው። አንዷ ባልቴት ያላገባ መሆኑን ጠየቀችኝ።

ቀጥሎ የአዳራሹ ጥበቃ፣ እሱም የእኛው ሰው፣ ወደ ዘፋኛችን ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ነጯ መኪና መውጫውን ዘግታለች፤ ባለቤቱ ይምጣ» አለው። ዘፋኛችን ማይክሮፎኑን አነሳና ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ነጯ መኪና መውጫውን ዘግታለች!» ብሎ ለቀቀው። ከበሮ መቺዋ እየሳቀች ምቱን አፈጠነችው። ሰዉ «ዘግታለች! ዘግታለች!» እያለ ተቀበለ። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸውና የሚዘለው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ከጨፈረ በኋላ መኪናዋ የእሱ መሆኗ ትዝ አለው።

«ሬጋ፣ ቆይ!» ብዬ ዘፋኛችንን ላስቆመው ሞከርኩ፤ «እሱ ግጥም አልነበረም።» እሱ ግን ላቡን እየጠረገ፣ «ትልቅ ሰው ነው፤ ለምን ታዋርደዋለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። 

ከዚያ አጎቴ ተነሳ።  ስድብ ይዞ የመጣ መሰለኝ፤ እንደ ምንም ቤዙን መምታቴን ቀጠልኩ። መጣና ዘፋኛችን አጠገብ ቆመ። «ተቀበል» አላለም። ያቺን ቃል ካላለ ማንም አዝማሪ ነገሩን እንደማይዘፍነው ያውቃል፤ የመኪናውንም ነገር ጥበቃው ለቀልድ ያስዘፈነው መስሎታል። በዚያ ላይ ባለባርኔጣው አማርኛ አይሰማም። አጎቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ ወራት ሙሉ ሆዱ ውስጥ የከረመውን ለሰው ከመናገር ለግድግዳ መናገር ይሻለው ነበር፤ ግድግዳ ስላጣ ነው ወደ እኛ የመጣው።

ዘፋኛችን ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ፣ ባርኔጣውን ከጆሮው ገለል አድርጎ አጎነበሰለት። አጎቴ ያወራል፤ እሱ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። አጎቴ ሲነቀነቅለት ጊዜ ይጨምራል። ሲጨርስ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ ቦታው ሄደ።

ዘፋኛችን እጁን ወደኛ አውጥቶ ምቱን አስቆመ። የሽማግሌውን ፊት አይቷል፤ ለዚህ ፊት የሚሆን ቀስ ያለ፣ የሚያለቅስ የባላገር ዜማ መረጠ። ማይክሮፎኑን ከፍ አድርጎ በሙሉ ድምፁ እንዲህ አለ፦

«አርብ አርብ ወጡ ጨው በዛበት እላታለሁ፣ በዝቶበት አያውቅም። እሷ ከሄደች ማንን እቆጣለሁ? የኔን በር ማን ያንኳኳል? እህቴ አትሂጂብኝ።»

 ከበሮ መቺዋ እንጨቷን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ድምፁ የአርጀንቲና ቢሆንም ነገሩ የማን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። አጎቴ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ነበር የሰማው፤ ግማሽ ተቀምጦ ግማሽ ቆሞ ደረቀ። ዘፋኛችን ሰው ያላጨበጨበው ስላልሰማ መስሎት ደገመው። «በዝቶበት አያውቅም» የምትለዋን ደግሞ ሦስት ጊዜ አዜማት።

አክስቴ ተነሳች። የሙሽራ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ አዳራሹን አቋርጣ ሄደች። ሙሽራውም ተከተላት።

«ወንድም ጋሼ» አለች፤ «አርባ ዓመት ሙሉ ጨው ስቀንስ ነው የኖርኩት!»

ሰው መሳቅም ማልቀስም ፈራ።  አጎቴ እኔን በዓይኑ ፈለገኝ፤ እኔ ከቤዝ ጊታሬ ኋላ ተደበቅሁ። ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፋና ሁለት ጉልበቱን አወጣ።

አክስቴ ተንበርክካ ሳመች። ሙሽራውም ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበርክኮ ሳመ። አጎቴ መዳፎቹን በራሳቸው ላይ ጫነ። ምርቃት ፈለገ፤ አፉ ግን ቁጣ ብቻ ለምዶ ቶሎ አልመጣለትም። ኋላ በሠርግ ሁሉ የሚባለው በምላሱ ላይ መጣለት።

«ውለዱ፣ ክበዱ!» አለ።

አዳራሹ ፈነዳ። የሙሽራው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘፋኛችን ደስ ብሎት ይህንኑ ተቀብሎ ዘፈነ፤ ከበሮ መቺዋም በሮክ አጀበችው።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜያችን ማንን እንወልዳለን?» አለች አክስቴ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

አጎቴ አሰበበት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ፤ ከመድረኩ ሥር ስለነበሩ እኔና ዘፋኛችን ሰማነው።

«እንግዲያው እኔን አሳድጉኝ» አላት።

ዘፋኛችን ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ይህቺ የእሷ ብቻ ነበረች።